የላይኛው ፑሊ ወይስ የታችኛው? በከፍታ ቦታ ለምትነዳ ሚኒ ኩፐር ኤስ

የምነዳት መኪና እ.ኤ.አ. የ2006 ሥሪት የሆነች ሚኒ ኩፐር ኤስ ናት፤ ወዳጆቿ በፋብሪካ መለያዋ አር53 እያሉ ይጠሯታል። ሞተሯ ክራይስለርና ቢኤምደብሊው በጋራ ባቋቋሙት ፋብሪካ፣ ብራዚል ውስጥ ካምፖ ላርጎ በተባለች ከተማ የተመረተ ባለ 1.6 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር ነው፤ አየር የሚታመቅለትም በጭስ ግፊት በሚሽከረከር ቱርቦ ሳይሆን ኢተን ኤም45 በተባለ፣ በቺንጋ በሚሽከረከር ሱፐርቻርጀር ነው። የቱርቦ መኪና ባለቤት ተጨማሪ ጉልበት ሲፈልግ በኮምፒውተር ፕሮግራም የአየሩን ግፊት ከፍ ማድረግ ይችላል፤ በዚህች መኪና ግን ግፊቱን በዋናነት የሚወስነው የሁለት ፑሊዎች፣ ማለትም ቺንጋው የሚጠመጠምባቸው ክብ መዘውሮች ስፋት ስለሆነ፣ የጉልበት ጥያቄ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የፑሊ ጥያቄ ይሆናል። ጥያቄው ደግሞ በሱፐርቻርጀሩ ላይ ያለውን የላይኛውን ፑሊ ማሳነስ ይሻላል ወይስ በክራንክ ሻፍቱ (በሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) ጫፍ ላይ ያለውን የታችኛውን ማስፋት የሚል ነው።

ስሌቱ ቀላል ቢሆንም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለው። ኤም45 በሚለው ስም ውስጥ ያለው ቁጥር ሱፐርቻርጀሩ አንድ ጊዜ ሲዞር የሚገፋውን አየር በኪዩቢክ ኢንች የሚናገር ሲሆን፣ ወደ ሊትር ሲለወጥ 0.74 ያህል ይሆናል። የክራንኩ ፑሊ የሱፐርቻርጀሩን ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ ክራንኩ አንድ ዙር ሲዞር ሱፐርቻርጀሩ ሁለት ዙር ያህል ዞሮ ወደ 1.5 ሊትር የሚጠጋ አየር ይልካል፤ ባለ አራት ምት የሆነው ሞተር ግን 1.6 ሊትሩን የሚሞላው በሁለት ዙር ስለሆነ በአንድ ዙር የሚውጠው 0.8 ሊትር ብቻ ነው። ትርፉ ሌላ መሄጃ ስለሌለው ተጨናንቆ ግፊት ይሆናል። እንግዲህ በገበያ ላይ «15 በመቶ» እየተባለ የሚሸጠው የላይኛው ፑሊ፣ መጠኑ በ15 በመቶ ያነሰ ማለት እንጂ ፍጥነቱ በ15 በመቶ የጨመረ ማለት አይደለም። አንድን ለ0.85 ስናካፍል ሱፐርቻርጀሩ በ17.6 በመቶ እንደሚፈጥን እናገኛለን፤ ባለ 17 በመቶው 20.5፣ ባለ 19 በመቶው ደግሞ 23.5 በመቶ ያፈጥነዋል። በታችኛው ፑሊ በኩል ግን የመስፋቱ መጠንና የፍጥነቱ ጭማሪ እኩል ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚቀይር ሰው ጭማሪዎቹን ማባዛት እንጂ መደመር የለበትም።

የምኖረው ኮሎራዶ ውስጥ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ነው፤ ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 82 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከዚህም ከፍ ትላለችና እንጦጦን በመኪና የወጣ ሰው የሳሳ አየር በሞተር ላይ የሚያደርሰውን ያውቀዋል። ሱፐርቻርጀር በእያንዳንዱ ዙር የተወሰነ መጠን ያለው አየር ስለሚገፋ፣ የሚገፋው አየር ሲሳሳ ወደ ሲሊንደሩ የሚደርሰው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። አሁን 0.82ን በ1.176 ስናባዛ 0.96 ይመጣል። ባለ 15 በመቶው ፑሊ እዚህ ከተማ ውስጥ የሚሠራው ሥራ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚነዳ ሰው እንደሚሆነው የተጨማሪ ጉልበት ጉዳይ ሳይሆን፣ ከፍታው የወሰደውን መመለስ ነው ማለት ነው። ምርጫዬን ከምንም በላይ የወሰነው ይህ ስሌት ነው።

የታችኛውን ፑሊ የሚደግፈው ክርክር ከሚገመተው በላይ ጠንካራ ስለሆነ በቸልታ ማለፍ አልፈልግም። የላይኛው ፑሊ ሲያንስ ቺንጋው የሚያቅፈው ዙሪያ ይቀንሳል፤ ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ሱፐርቻርጀሩን ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል ባጠረ ራዲየስ ላይ ማረፉ ነው። ለምሳሌ ግፊቱ ከ0.8 ባር ወደ 1 ባር ቢያድግ ሱፐርቻርጀሩን የማዞሩ ሸክም በሩብ ያህል ይጨምራል፤ ራዲየሱ በ15 በመቶ ስላጠረ ግን ቺንጋው የሚሸከመው ጉተታ በሩብ ሳይሆን በ47 በመቶ ገደማ ያድጋል። የታችኛው ፑሊ ቢሰፋ ኖሮ የላይኛው ራዲየስ ስለማይነካ ጭማሪው በሩቡ ላይ ይቆም ነበር። ትንንሽ ፑሊ ያላቸው መኪኖች ከፍ ባለ ዙር ላይ ቺንጋቸው የሚንሸራተተውና በፑሊዎቹ አካባቢ ጥቁር ብናኝ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሆኖም በዚህች መኪና ላይ አንዱ ቺንጋ የሚያዞረው ሱፐርቻርጀሩን ብቻ ሳይሆን ዲናሞውንና የአየር ማቀዝቀዣውን ኮምፕሬሰር ጭምር ነው። የመሪው ፓምፕ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ከዚህ ውጭ ነው። ክራንኩ ላይ ያለው ፑሊ ሲሰፋ እነዚህ ሁሉ በእኩል ይፈጥናሉ፤ ከእነርሱ መፍጠን ደግሞ ምንም ጥቅም አይገኝም፤ የሚተርፈው የኩሽኔታ ድካም ብቻ ነው። የኦዲ ኤስ4 ባለ 3.0 ሊትር ሞተር ባለቤቶች የክራንኩን ፑሊ ማስፋት ሲመርጡ አስተያየታቸው ትክክል የሚሆነው፣ በእነርሱ መኪና ሱፐርቻርጀሩ የራሱ የተለየ ቺንጋ ስላለው ነው። በአንዱ ሞተር ላይ ትክክል የሆነ ምርጫ በሌላው ላይ እንዲሁ ትክክል አይሆንም፤ ቺንጋው በምን በምን ላይ እንደሚያልፍ ሳያዩ ፑሊ መግዛት ግን የተለመደ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ለእኔ ከመጀመሪያው ይከብዳል። የክራንኩ ፑሊ የቺንጋ ማዞሪያ ብቻ አይደለም። በውስጠኛው እምብርትና በውጭኛው ቀለበት መካከል የጎማ ሽፋን ያለው የንዝረት ማርገቢያ ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር ሲተኩስ ክራንክ ሻፍቱ በጣም በጥቂቱ ይጠመዘዝና ይመለሳል፤ ይህ መጠምዘዝ በተወሰኑ ዙሮች ላይ ከዘንጉ የራሱ ንዝረት ጋር ሲገጥም እየገነነ ሄዶ ኩሽኔታዎችን ይጎዳል፣ ሲብስም ክራንኩን እስከ መስበር ይደርሳል። ማርገቢያው የተሠራው ይህን ለመግታት ነው። ስለዚህ «ቀላል» እየተባለ የሚወደሰውን፣ ከአንድ ወጥ አሉሚኒየም የተቀረጸና ጎማ የሌለውን የክራንክ ፑሊ በነፃ ቢሰጡኝም አልገጥመውም። በሌላ በኩል ጎማው በዕድሜና በሙቀት ደርቆ የውጭኛው ቀለበት ከእምብርቱ መላቀቁ በአር53 ላይ በሰፊው የታወቀ ጉዳይ ስለሆነ፣ ይህን ክፍል መቀየር የግድ የሚሆንበት ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜም ለውድድር መኪኖች ደረጃ የተሠራ እውነተኛ ማርገቢያ፣ ግን የፋብሪካውን ስፋት የጠበቀ መግጠም ይበቃል ባይ ነኝ። በ2 በመቶ የሰፋውን የሚመርጥ ሰው ከላይ ባለ 15 በመቶ ፑሊ ካለው፣ 1.176 በ1.02 ሲባዛ 1.2 ስለሚሆን፣ ሳያስበው የባለ 17 በመቶውን ፑሊ ፍጥነት እንደገዛ ይወቅ።

ታዲያ ለምን ባለ 17 ወይም ባለ 19 አልሆነም? ኤም45 አየሩን በራሱ ውስጥ የሚያምቅ ሳይሆን ወደ ሞተሩ እየገፋ የሚያጨናንቅ አሮጌ ዓይነት ስለሆነ፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ከግፊቱ ጋር ብዙ ሙቀት ያመርታል። የውጭው አየር 25 ዲግሪ፣ የሱፐርቻርጀሩ ብቃትም 60 በመቶ ነው ብለን ብናሰላ፣ አየሩን 1.8 ጊዜ ማጨናነቅ ሙቀቱን በ90 ዲግሪ ገደማ ሲጨምር፣ 2.1 ጊዜ ማጨናነቅ ግን ከ115 ዲግሪ በላይ ይጨምራል። ከፍታ ቦታ ላይ የጠፋውን ለመመለስ ስንል የምንከፍለው ዋጋ ይህ ነው፤ የመጨረሻው ግፊት ከባሕር ዳርቻው ጋር ቢመጣጠንም አየሩ የበለጠ ይግላል። በሞተሩ አናት ላይ ያለው፣ በኮፈኑ ቀዳዳ ንፋስ የሚገባለት ኢንተርኩለር (የታመቀውን አየር ማቀዝቀዣ) ትንሽ ስለሆነ በትራፊክ መካከል ቆማ በምትጠብቅ መኪና ላይ ብዙም አይረዳም። በዚያ ላይ ኮሎራዶ ውስጥ ተራው ቤንዚን 85 ኦክቴን፣ ምርጡም 91 ነው (ኦክቴን ቤንዚኑ በሙቀትና በግፊት ያለጊዜው እንዳይቀጣጠል ያለው አቅም መለኪያ ነው)፤ ለዚህ ሞተር 85 የሚታሰብ አይደለም። በተጨማሪም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ሎስ አንጀለስ ስወርድ ያው ፑሊ ጥቅጥቅ ያለ አየር ያገኛልና፣ እዚህ ልከኛ የሆነው ባለ 19 በመቶ እዚያ ከልክ በላይ ይሆናል። ለዚህችው ሚኒ ጆን ኩፐር ወርክስ በሚለው ስም የተሸጠው የጉልበት ማሻሻያ ራሱ የተጠቀመው 11 በመቶ ያነሰ ፑሊ ነው፤ ዋስትና ሰጥቶ የሚሸጥ ወገን የት ላይ እንደቆመ ማየት ጥሩ መለኪያ ይመስለኛል።

በሥራው ጊዜ ከፑሊው በላይ ትኩረት የሚሻ አንድ ነገር አለ። በዚህ ሞተር ላይ የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ሱፐርቻርጀሩ ነው፤ ከኋላው ባሉ ጥርሶች በኩል። ስለዚህ የትኛውም ፑሊ ቢቀየር የውሃ ፓምፑም አብሮ ይፈጥናል፤ ጥርሶቹ ያሉበት ክፍል ደግሞ ከሞተሩ ዘይት ጋር የማይገናኝ ጥቂት የራሱ ዘይት ያለው ሲሆን፣ ያ ዘይት በዓመታት ውስጥ ይደርቃል። ጥርሶቹ ሲበሉ ውሃው መዞሩን ያቆምና ሞተሩ ይግላል። ፑሊውን ብቻ ለመቀየር ሱፐርቻርጀሩን ማውረድ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ብዙ ርቀት በሄደች መኪና ላይ፣ ተጨማሪው ፍጥነት ከመጫኑ በፊት አውርዶ የፊቱንና የኋላውን ዘይት መተካት ተገቢ ነው ብዬ ስለማምን ገንዘቤን በቅድሚያ ያዋልኩት እዚያ ላይ ነው።

የቀረው አጭር ነው። የፋብሪካው ፑሊ ዘንጉ ላይ ተጠብቆ የገባ ስለሆነ ለእርሱ በተሠራ መሳቢያ መውጣት አለበት፤ በመዶሻና በብረት መፈንቀል ዘንጉንና ኩሽኔታውን ያበላሻል። ቺንጋው በትንሹ ባጠረ መተካት አለበት፤ የቺንጋ ወጣሪው ክንድ መቆሚያው ላይ ከደረሰ ከዚያ በኋላ ማጥበቅ ስለማይችል፣ ከጥቂት ሳምንታት መንዳት በኋላ ቦታውን ማየት ያስፈልጋል። ካንዴላዎቹም አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ በሆኑት፣ ማለትም ሙቀትን ቶሎ በሚያስወግዱት ቢተኩ ይመረጣል። የእኔዋ መኪና አሁን ከላይ ባለ 15 በመቶው ፑሊ፣ ከታች ደግሞ የፋብሪካው ስፋት ያለው አዲስ ማርገቢያ ላይ ናት።