ቤዝ ካለ ግራ እጅ ምን ይሠራል?

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ ሆቴል ማታ ማታ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ቤዝ ጊታር፣ ድራምና ሳክስፎን አለን። አንዳንዴ ክራርም ይጨመራል። ብቻዬን ስጫወት ኮርዱን (አብረው የሚመቱትን ድምፆች) ከነመሠረቱ እይዛለሁ። ከባንድ ጋር ግን ሌላ ሥራ ነው።

መጀመሪያ የተውኩት የኮርዱን መሠረት፣ ማለትም ኮርዱ የሚጠራበትን ድምፅ ነው። እሱ የቤዙ ነው። እኔም ከታች ከደገምኩት ድምፁ ይደፈርሳል፤ ቤዚስቱም እንደልቡ መሄድ ያቅተዋል። የኮርዱን ማንነት የሚናገሩት ከመሠረቱ ሲቆጠር ሦስተኛውና ሰባተኛው ድምፆች ናቸው። እነሱን ይዤ ለቀለም ዘጠነኛውን ወይም አሥራ ሦስተኛውን እጨምራለሁ። ይህን አያያዝ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ካስለመዱት የጃዝ ፒያኒስቶች አንዱ ቢል ኢቫንስ ነው።

ሬ ማይነር ሰባት ለሚባለው ኮርድ በግራ እጄ ፋ፣ ላ፣ ዶ፣ ሚ እይዛለሁ። ቀጥሎ ሶል ሰባት ሲመጣ ዶን ብቻ ወደ ሲ አወርዳለሁ። አንድ ጣት ተንቀሳቀሰ፣ ኮርዱ ተቀየረ! ከዚያ ዶ ሜጀር፦ ሚ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ። እጄ ከመካከለኛው ዶ አካባቢ አይርቅም። ይህን በአሥራ ሁለቱም ቶን ቀስ እያሉ መለማመድ ግድ ነው፤ አቋራጭ የለውም።

በጣም የሚጥመኝ ግን ትዝታ ቅኝት ላይ ስንደርስ ነው። ከዶ ስንነሳ ሜጀር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ፋም ሲም የሉበትም። ስለዚህ ጃዝ የሚወደው ሰባተኛ፣ ማለትም ሲ፣ እዚህ ባዳ ነው። ክራሩ በአምስቱ ድምፆች ተቃኝቶ እየተመታ እኔ ሲን ብነካ የትዝታው ለዛ ይጠፋል። ታዲያ ምን ያዝኩ? ከታች ወደ ላይ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል። በየመካከላቸው ያለው ርቀት አራተኛ ነው (ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ብለን ስንቆጥር ላ አራተኛ ናት)፤ ጃዝ ፒያኒስቶች በደንብ የሚያውቁት አደራደር። አራቱም ድምፆች ግን ከቅኝቱ ውስጥ የወጡ ናቸው። የቀረችው ዶ ደግሞ ቤዙ ጋ አለች። ይህን ያገኘሁ ቀን ከኪቦርዱ መነሳት አቃተኝ። ኢትዮ ጃዝን ለፈጠረው ለሙላቱ አስታጥቄ ያለኝ አክብሮትም ያኔ ጨመረ።

አንቺ ሆዬ ቅኝት ላይ ይህ አይሠራም። ድምፆቹ ተጠጋግተው ስለሚፋጩ ሁለት ብቻ መርጬ እይዛለሁ፤ ይበቃል።

ሳክስፎኑ ሶሎ ሲወስድ የላይኛዋን ድምፄን ከእሱ ዜማ በታች አደርጋለሁ። ትንፋሽ ሲወስድ አጭር ኮርድ ጣል አደርጋለሁ። ጊታሪስት የተጨመረ ምሽት ደግሞ ከመጀመራችን በፊት እንነጋገራለን፦ በየትኛው ሶሎ እሱ ኮርድ ይዞ እኔ ዝም እንደምል፣ በየትኛው እኔ ይዤ እሱ ዝም እንደሚል።