231 ፈረስ በጣርማ በር ዳገት

ልገዛት ያሰብኳትን የመጀመሪያዋን ቢኤምደብሊው 330 ያየሁት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ከሰዓቱ ነው። ደላላው እኔ ከመድረሴ በፊት አስነስቶ አሙቋት ኖሯል፤ የሞቀ ሞተር በብርድ ሲነሳ የሚታየውን ሕመሙን ይደብቃል። እኔ ደግሞ ኮፋኖው ላይ እጄን ማሳረፍ ትዝ ሳይለኝ በቆዳ ወንበሯ፣ በመሪዋ ውፍረትና ከኋላዋ በተለጠፉት ሦስት ቁጥሮች ስደመም ቆይቼ ቀብድ ልሰጥ ነበር። ያዳነኝ የባንክ ደብተሬን ደብረ ብርሃን ረስቼ መምጣቴ ነው።

ጊዜው 2011 ነው። ቤቴ ደብረ ብርሃን፣ መድኃኒት ቤቴ ጫጫ ነው፤ በየቀኑ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድና ያንኑ ያህል መመለስ አለ። አራት ዓመት ሙሉ በቪትዝ ተመላልሼበታለሁ። ቪትዝን የሚያማ ሰው ውለታ ቢስ ነው፤ አንድም ቀን መንገድ ላይ አልጣለችኝም። ነገር ግን የአዲስ አበባና የደሴ መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ነው። ከፊት አንድ ተሳቢ፣ ከኋላ ሌላ ተሳቢ ይዞ፣ በአንድ ሊትር ሞተር ለመቅደም የሚወጣ ሰው አስቀድሞ ማማተብ አለበት። ለባለቤቴ የነገርኳት ምክንያት ይኸው ነበር።

«ለመቅደም ነው ወይስ ለመታየት?» አለችኝ።

ሁለቱም ነበር። ከተማሪነቴ ጀምሮ ቢኤምደብሊው 330 ስመኝ ኖሬያለሁ፤ በተለይ ኢ46 የሚባለውን ትውልድ። ሦስት ሊትር፣ በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ስድስት ሲሊንደሮች፣ 231 የፈረስ ጉልበት። ቁጥሩን እንደ ዳዊት በቃሌ ይዤዋለሁ።

ቀብዱን ሳልሰጥ የተመለስኩ ዕለት ማታ አባቴ ትዝ አሉኝ። አባቴ በቅሎ ሲገዙ ጥርሷን ያያሉ፣ ሰኮናዋን ይነካካሉ፣ ዳገት ያስወጧታል። ይህን ማንም ገበያተኛ ያደርገዋል። እርሳቸው ግን ዋጋ ከመቁረጣቸው በፊት ቁልቁል ይነዷታል። ዳገት ላይ ሁሉም በቅሎ ይጣጣራል፤ የፊት እግሯን የታመመች በቅሎ የምትታወቀው ስትወርድ ነው። እኔ ሚዛናዊ ሰው ነኝ ብዬ የማስብ ባለሙያ፣ ግማሽ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ዕቃ ልገዛ ሄጄ የአባቴን የበቅሎ ያህል እንኳ አልመረመርኩም።

በሳምንቱ መካኒኬን ይዤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሳሁ። ንጋት አሥራ ሁለት ላይ፣ ሳንደውል፣ መኪናዋ ከምታድርበት ግቢ በር ላይ ነበርን። ቀዝቃዛዋ ሞተር ስትነሳ የጎረቤት ውሻ ነቃ፤ ከጭስ መውጫው ሰማያዊ ጭስ ተግ አለ። መካኒኩ ግን ከጭሱ ይልቅ ወደ ዳሽቦርዱ አጎነበሰ። የተነዳችው 96,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ይላል። ከቁጥሩ አጠገብ የሽንብራ ፍሬ የማታክል ነጥብ በርታለች።

«ይቺስ?»

«መብራት ናት» አለ ደላላው።

በዚህ ትውልድ መኪና ላይ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር የሚቀመጠው በሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ በዳሽቦርዱ ውስጥ፣ ሌላው መብራቶቹን በሚቆጣጠረው ሳጥን ውስጥ። ሁለቱ ካልተስማሙ ነጥቧ ትበራለች። ዳሽቦርዱ ወይም ሳጥኑ በሌላ ተቀይሮም ሊሆን ይችላል፤ ግን የተጠረጠረ ነገር ላይ ለመከራከር ከደብረ ብርሃን ድረስ አልመጣሁም። ወጣን።

የገዛኋት ሁለተኛዋን ነው። የ2004 ምርት፣ ባለ ስድስት ማርሽ፣ 218,000 ኪሎ ሜትር የተነዳች። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ፤ ዘይት የቀየሩበትን ቀንና ኪሎ ሜትር፣ የተቀየረውን ቺንጋና ካንዴላ ሁሉ በተማሪ ደብተር ላይ መዝግበዋል። ስለ መኪናዋ ከመኪናዋ በላይ የነገረኝ ያ ደብተር ነው። መካኒኩ ባትሪ አብርቶ ከሥሯ ገባ። የኋላው አክስል ተሸካሚ የሚታሰርበት ላሜራ በእነዚህ መኪኖች ላይ የመሰንጠቅ አመል አለው፤ ከተሰነጠቀ ብየዳው ቀላል አይደለም። ንጹህ ነበር። ከቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን ዘይት ያልባል፤ እሱ ትንሽ ነገር ነው። ከሥሯ ወጥቶ እጁን እየጠረገ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ የውሃውን ዕቃ ሁሉ ይቀይሩት። ታንኩን፣ ፓምፑን፣ ቴርሞስታቱን፣ ቱቦዎቹን። ፕላስቲክ ነው፤ አርጅቷል።» እሺ አልኩት።

በ560,000 ብር ተስማማን። ወረቀቱ ላይ ብዙ አልዘገይም፤ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳስሎ፣ የቅጣትና የባንክ ዕገዳ አለመኖሩን አጣርቶ ውልና ማስረጃ መፈረም ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ስም ዝውውሩ እስኪያልቅ ከዋጋው ላይ 30,000 ብር ሳልከፍል ይዤ ነበር። ሰውየው ቅን ስለነበሩ አላስፈለገኝም፤ ቢሆንም ደግሜ አደርገዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን መጻፍ ያሳፍራል። ለውሃው ዕቃ ያሰብኩትን ገንዘብ ለድምፅ ማጉያና ለአራት አዲስ ጎማ አዋልኩት።

የመጀመሪያው ቅሬታዬ ጉልበቱ ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ የሚተነፍሰው ያገኘውን አየር ነው። የከፈልኩባቸው 231 ፈረሶች እኔ ቤት ሲደርሱ 170 እንኳ አይሞሉም። የቀሩት ጠረፍ ላይ ሲግጡ ቀርተዋል። ለደጋ ሰው ጉልበት ብቻ የሚፈለግ ከሆነ ቱርቦ ያለው ሞተር መግዛት ነበረብኝ፤ ቱርቦ የሳሳውን አየር አምቆ ያስገባልና። በሌላ በኩል ከፍታው ውለታ ውሏል። መኪናዋ የተሠራችው እኛ ከምንቀዳው ቤንዚን ለተሻለ ነው፤ በሳሳ አየር ግን በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ሞተሩ ያለጊዜው ሲነድድና ሲንቋቋ አልሰማሁም። ቆላ ስወርድ ግን ቤንዚን መስጫውን በለሆሳስ ነው የምረግጠው።

ሁለተኛው ድንጋጤ በኅዳር መጣ። ሜዳው ሁሉ በውርጭ ነጥቶ ባደረበት ጠዋት የዘይት መሙያውን ክዳን ብፈታው ከውስጡ ነጭ፣ ለጋ የሸኖ ቅቤ የሚመስል ነገር ተለጥፎበታል። ውሃና ዘይት ተደባለቀ፣ ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ሄደ ብዬ ተቀመጥኩ። መካኒኩ በጣቱ ጠርጎ አየውና ሳቀ። ሞተሩ በደንብ ሳይግል በብርድ አጭር መንገድ ሲሄድ እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ክዳን ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ከዘይት ጋር ሲመታ ይህን ይሠራል። የራዲያተሩ ውሃ ካልጎደለና የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ካልታየ በሽታ አይደለም። መድኃኒቱ በሳምንት አንድ ቀን ረዘም አድርጎ መንዳት ነው። እንዲህ ያለ የሐኪም ትእዛዝ ደርሶኝ አያውቅም።

ጎማው ሌላ ታሪክ ነው። ቸርኬዋ ባለ 17 ኢንች ስለሆነ የጎማው ከንፈር ስስ ነው፤ የሰፈራችን ኮብልስቶን ደግሞ አይምርም። ከወዳጄ መኪና ባለ 16 ቸርኬ ተውሼ ሞከርኩ፤ የፍሬኑ መያዣ ላይ ተፋቀ። የ330 የፊት ፍሬን ዲስክ 325 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ የተዋስኩት ቸርኬ ሊውጠው አልቻለም። ያን ዕለት ተናድጄ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጥር 2012፣ ከእህቴ ልጅ ሰርግ ስንመለስ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከዚያ ተነስቶ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ ሲደረስ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አምስት ሰው፣ ሁለት ከረጢት ሽንኩርት፣ የሸዋ ሮቢት የቀትር ፀሐይ። ተሳቢዎቹን እየቀደምኩ ነው። ባለቤቴ እንኳ «ደህና ናት» አለች።

ደብረ ሲና ልንደርስ ስንል የሚጣፍጥ ሽታ ሸተተኝ። ልጄ «አባዬ፣ ከረሜላ» አለ። የሙቀት መለኪያውን አየሁ፤ መርፌው መሐል ላይ እንደተኛ ነው። በኋላ እንደተረዳሁት ይህ መርፌ ሆን ተብሎ የተለሰነ ነው፤ ከ75 ዲግሪ አንስቶ እስከ 110 አካባቢ ያለውን ሁሉ «መሐል» እያለ ያሳያል። ሲነሳ የሚነሣው ለማልቀስ ነው። ተነሣ። ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁና ኮፋኖውን ከፈትኩ። የውሃው ታንክ ከመገጣጠሚያው ጥርሱን እንዳወጣ ሰው ተሰንጥቆ አረንጓዴ ውሃ ይተፋል።

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከኋላችን ቆሙ። ክዳኑን ልፈታ ስል እጄን ያዙኝ። «ተው ልጄ፣ ፊትህን ትቀቀላለህ። ቆሎህን ግዛና ተቀመጥ።» የደብረ ሲና ቆሎ ሻጮች ቀድመው ደርሰው ነበር። ገዛን፤ ተቀመጥን። ነገሩ የገባኝ እዚያ ቆሎ ስቆረጥም ነው። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ውሃው ሲግል ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው የዚህች ሞተር ቴርሞስታት የሚከፈተው ደግሞ በ97 ነው። ማለትም እኔ አገር ላይ ሞተሩ ሁልጊዜ የሚሠራው ውሃ ከሚፈላበት በላይ ሆኖ ነው። እንዳይፈላ የሚያግደው የታንኩና የክዳኑ ግፊት ብቻ ነው። ቆላ ቢሆን ኖሮ ትንሽ ይታገሠኝ የነበረ ስንጥቅ እዚህ ወዲያው ፍል ውሃ ሆነ። የመካኒኩን ቃል ችላ ብዬ የገዛሁት ድምፅ ማጉያ እዚያው ዳገት ላይ ጎልቶ ታየኝ።

መኪናዋ በሌላ መኪና ተጭና ገባች። ታንኩን አዲስ አበባ ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ አገኘሁት፤ የቀረውን ከዱባይ በሰው እጅ አስመጣሁ፤ ሦስት ሳምንት በሚኒባስ ጫጫ ተመላለስኩ። ቴስታታው ተርፏል፤ ቶሎ በማጥፋቴ ነው። ውሃ አሞላሉም እንደ ቪትዝ አይደለም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ቁልፉ ይከፈታል፤ ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ፣ ማራገቢያው ዝቅተኛ ላይ ይደረጋል፤ ከክዳኑ አጠገብ ያለችው ትንሽ ቡሎን ትላላለች። ከዚያ እንደ ጠላ በቀስታ ማፍሰስ ነው፤ ከቡሎኗ ቀዳዳ አረፋ መውጣቱ አቁሞ ውሃ ብቻ እስኪፈስ ድረስ። አረፋው ሳይወጣ የተዘጋ እንደሆነ ደግሞ ቆሎ ይገዛል።

ከጥገናው በኋላ ነው ምን እንደገዛሁ ያወቅኩት። አንድ ቀን ከዋሻው ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ጉም ነበር፤ ከፊቴ የሚወርደው ተሳቢ የፍሬን ሸራው ጠረን ጉሙን አልፎ ይሸታል። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ሞተሩ ራሱ ይዟት፣ መታጠፊያ በመታጠፊያ ሳትወላውል ወረደች። ጉሙ ውስጥ ሦስት በጎች ድንገት አስፋልቱ ላይ ሲወጡ ረገጥኩ፤ እረኛው ቀና ብሎ ሳያየኝ ቆማለች። ያ ባለ 16 ቸርኬ ሊውጠው ያልቻለው ዲስክ ለካ ለዚህ ነው። ጠረፍ የቀሩትን ፈረሶች ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩም።

ቤንዚኗ ይጎዳል፤ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ይጠጣል፤ የሊትሩ ዋጋ ከ100 ብር ካለፈ በኋላ ጫጫ መመላለሻ ለባለቤቴ የማልነግራት ሒሳብ ሆኗል። መሸጥ ግን አላሰብኩም። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ ዛሬ የሚፈልግ ሰው ያለው ምርጫ አገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መፈለግ ነው፤ ሻጩም ይህን ያውቃል።

ባለፈው ወር የጎረቤቴ ልጅ እንዲህ ያለች መኪና አግኝቻለሁ ብሎ ይዞኝ አዲስ አበባ ሄደ። በጨለማ ተነሥተን ንጋት አሥራ ሁለት ላይ ደረስን። ልጁ ወንበሩን እየዳበሰ ሳለ እኔ ኮፋኖው ላይ እጄን አሳረፍኩ። ይሞቃል።

«ብርድ ነው ብዬ ለእናንተ አሙቄ ጠበቅኋችሁ» አለ ሻጩ።

አመስግነነው ሻይ ጠጥተን ተመለስን።