ስሜን ተራሮች ላይ ከጭላዳ፣ ከጅብና ከውሻ ጋር፤ የማደርገውና ከስህተት የተማርኩት

ስሜን ላይ ድንኳን ተክሎ ለማደር የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ነብር ነው። ነብር አለ፤ ግን አይታይም። በአራትና በአምስት ቀን ጉዞ መንገደኛን የሚያስቸግሩት ቁራ፣ ጅብና የእረኛ ውሻ ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱን በምግባችን ሽታ የምንጠራቸው እኛው ነን።

የምጽፈው ከሳንቃበር ተነስቶ በግጭና በኢሜት ጎጎ በኩል ጨነቅ ደርሶ፣ ከዚያም ቧሂትን (4,430 ሜትር) ስለሚወጣው መንገድ ነው። ፈቃዱም ስካውቱም (ጠመንጃ ይዞ የሚያጅበው የፓርኩ ሰው) በቅሎውም የሚያልቀው ደባርቅ፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። ከዚያ በፊት ግን ደባርቅ ላለ ሰው ደውሎ የመንገዱን ሰላም መጠየቅ ይቀድማል።

ስንቅ ስይዝ ከክብደቱ እኩል ሽታውን አስባለሁ። ለአንድ ሰው በቀን 300 ግራም በሶና ሁለት እፍኝ ቆሎ፣ ለማታ ደግሞ ሽሮ ይበቃኛል። እነዚህ ደረቅ ስለሆኑ ብዙ አይሸቱም። ቋንጣ ግን ይሸታል፤ እንዲናፈስ ብሎ ማታ የድንኳን ገመድ ላይ መስቀል ጅብን በስሙ እንደመጥራት ነው። ሁሉንም ክዳኑ ጥርቅም ብሎ በሚዘጋ 20 ሊትር የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ አደርጋለሁ። ማዳበሪያ አይሆንም፤ መጀመሪያ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነበር። የስሜን ቁራ መንቁሩ እንደ መጥረቢያ ነው፤ ማዳበሪያውን በስቶ ዳቦውን ለማውጣት ውሃ ቀድቶ እስኪመለሱ ያለው ጊዜ ይበቃዋል። ሳሙናና የጥርስ ሳሙናም ለአውሬ ምግብ ምግብ ስለሚሸቱ ባልዲው ውስጥ ይገባሉ። ሌሊት ባልዲው የሚያድረው ሰፈሩ ውስጥ ያለው ማብሰያ ቤት ነው። ማብሰያ ቤቱ ከተያዘ ከድንኳኑ 50 እርምጃ ርቆ፣ ክዳኑ ላይ ራስ የሚያህል ድንጋይ ተጭኖበት ያድራል። ድንኳን ውስጥ አንድ ፍሬ ቆሎ እንኳ አላሳድርም፤ አይጥ ጨርቁን ቀዳ ትገባለች፤ የተቀደደውን ደግሞ 3,600 ሜትር ላይ የሚሰፋ የለም። የእቃ ማጠቢያውን ውሃ እዚያው ደጃፍ ላይ መድፋትም ያው ምግብን ሜዳ ላይ መተው ነው።

ጅቡ የሚመጣው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው፤ የሚፈልገውም ቆሻሻና ቆዳ ነው። በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው ጅብ እዚህ ሲመጣ ለምኖ አይደለም፤ ውጭ ያደረ የቆዳ ጫማ፣ የበቅሎ ጠፍርና የካሜራ ማንጠልጠያ ካገኘ አንስቶ ይሄዳል። ጫማዬን ፌስታል ውስጥ አድርጌ ከእግሬ ሥር አሳድራለሁ። በቅሎዎቹ ከድንኳኑ ከ20 እርምጃ በላይ ርቀው መታሰር የለባቸውም፤ ጅብ ሲቀርብ በቅሎ ጆሮዋን አቁማ ታናፋለች፤ ከእሷ የተሻለ ዘበኛ አላገኘሁም። ሌሊት ወደ ሽንት ስወጣ የግንባር ባትሪዬን አብርቼ ዙሪያውን አያለሁ። የሚያበራ ዓይን ካለ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ ስካውቱን መጥራት፣ ፊትን ሳያዞሩ ወደ ኋላ ማለት ነው፤ መሮጥ የለም። የስካውቱ ጠመንጃ ለአውሬ ነው ብሎ የሚያስብ አለ። እስካሁን ያየሁት ሥራው ትከሻ ላይ መንጠልጠል ብቻ ነው።

ጭላዳው ሌላ ነገር ነው። ሣር የሚግጥ ዝንጀሮ ስለሆነ ስንቅህን ብዙም አይፈልግም፤ ዳቦ ካላስለመድከው በቀር። ሌሊቱን ገደሉ ላይ ያድርና ፀሐይ ሲሞቅ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ጀምሮ፣ ወደ ሜዳው ይወጣል። ያኔ ሜዳው ላይ ቀድሞ ተቀምጦ መጠበቅ ነው፤ ሣር እየጋጡ ራሳቸው ይቀርባሉ። ተከትዬ ስሄድ ይርቁኛል፤ ቁጭ ስል ግን እስከ አሥር ሜትር ይመጣሉ። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ የቁጣ ምልክት አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው። ቁጣው የሚታየው ፊቱ ላይ ነው። ወንዱ መጀመሪያ ቅንድቡን ወደ ላይ ስቦ የገረጣውን የዓይኑን ቆብ ያሳያል። ያ ካልገባህ የላይኛውን ከንፈሩን አፍንጫው ላይ ገልብጦ ድዱንና ረጅም ክራንቻውን ያወጣል። በቅንድቡ ጊዜ ዓይንን ሰብሮ ወደ ጎን ሦስት አራት እርምጃ መራቅ በቂ ነው፤ ከንፈሩ እስኪገለበጥ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሁለት ነገር አላደርግም። አንደኛ፣ በመንጋውና በገደሉ መካከል አልቆምም። ጭላዳ ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ገደሉ ነው፤ መሸሻውን ከዘጋህበት መንጋው ሁሉ አንተ ላይ ይመጣል፤ ከአንተ ኋላ ደግሞ ያለው አየር ብቻ ነው። ፎቶ እያነሱ ወደ ኋላ መሄድም እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ከጫፉ አምስት እርምጃ የሚል ወሰን ለራሴ አበጅቻለሁ፤ እግሬን ሳንቀሳቅስ ካሜራው ዓይኔ ላይ አይሆንም። ሁለተኛ፣ አጠገባቸው ድንገት ጎንበስ አልልም። የገብስ ማሳ አጠገብ ያደገ ጭላዳ የእረኛ ልጅ ድንጋይና ወንጭፍ ያውቃል፤ አንተ የጫማህን ክር ልታስር ነው፣ እሱ ግን ድንጋይ ልታነሳ መስሎት መንጋውን ይዞ ይነጉዳል።

ዋልያ ለማየት ጨነቅ ማደር ይሻላል። ዋልያ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከአንተ በታች፣ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ባለበት የገደል እርከን ላይ ነው። ስለዚህ የነፋሱን ጠባይ ማወቅ ይረዳል፦ ንጋት ላይ የቀዘቀዘው አየር ወደ ታች ስለሚፈስ ሽታህን ይዞለት ይወርዳል፤ ፀሐይ ገደሉን ካሞቀችው በኋላ ደግሞ አየሩ ከታች ወደ ላይ ይነሳል። ማልዶ ደርሶ ጫፉ ላይ ከማንዣበብ ትንሽ ወደ ውስጥ ተቀምጦ ፀሐዩን ጠብቆ ማየት ይሻላል። ድንጋይ ወደ ታች ማንከባለል ከሁሉ የከፋ ነው፤ ያ ዋልያ የዚያን ቀን አይመለስም።

አሁን ወደ ዋናው ስጋት፣ ወደ ውሻው። ቧሂትን አልፎ ወደ ጭሮ ለባ ሲወረድ፣ በጎች ባሉበት ሁሉ ውሻ አለ። የአገሩ ሰው ያለ ዱላ የማይሄደው በከንቱ አይደለም። ውሻ ሲመጣ ቆሜ ዱላውን በእኔና በእሱ መካከል አደርጋለሁ፣ እረኛውን እጣራለሁ፤ አልመለስ ካለ ድንጋይ እንደማነሳ ጎንበስ እላለሁ። ጭላዳው ዘንድ ያበላሸው ማጎንበስ እዚህ ያድናል። ከነከሰ ግን ቀልድ የለም፦ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ሙሉ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ጉዞውን አቋርጦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወዳለበት መውረድ። ደባርቅ ከሌለ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላልና «ቁስሉ ትንሽ ነው» ወይም «መጀመሪያ የባህል መድኃኒት ልሞክር» የሚባልበት ጉዳይ አይደለም። ለዚህ ስል አንድ ሙሉ ሳሙናና ሁለት ሊትር ውሃ በቅሎዋ ላይ ሳይሆን ጀርባዬ ላይ ነው።

ቀይ ቀበሮን ካየህ ዕድለኛ ነህ። በቀን፣ ጓሳው ውስጥ አይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮውን አቁሞ ቆሞ ይታያል። ቀይ ነው፣ ጉሮሮው ነጭ፣ እግሩ ረጅም፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር። ለሰው አደጋ የለውም። በዓለም ላይ ከ500 በታች የቀረውን ይህን አውሬ በጅምላ የሚፈጀው ከውሻ የሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ ከሰፈር ለተከተለኝ ውሻ ቁራሽ ዳቦ አልወረውርም፤ የበላ ውሻ እስከ ቧሂት ድረስ ይከተላል። ያላገኘው ግን የመጨረሻው ማሳ ጋ ሲደርስ ትንሽ ቆሞ ያይና ይመለሳል።