ማሩ ገባ

ዛሬ ለጠጅ ቤታችን ማሩ ገባ። ከላስታ በኩል የሚያመጣልን ደንበኛችን ባልዲዎቹን ከባጃጅ አውርዶ በረንዳው ላይ ደረደረልን። እማዬ አንዱን ከፍታ በጣቷ ቀመሰች። «የአደይ ነው» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። የእሷ ምርመራ ይኸው ነው፤ በዚህ ተሳስታ አታውቅም።

ወይን የሚጠምቅ ቤተሰብ የራሱ ማሳ አለው። ዝናብ ሲያንስም ሆነ በረዶ ሲመታ ከደጁ ቆሞ ያያል። እኛ ያለነው ደሴ ከተማ መሃል ነው፤ ያለን ግቢ ለጋኖቻችንና ለሁለት የጌሾ ዛፎች ብቻ የሚበቃ ነው። ማሳችን ሰው አገር ነው። መስከረም ላይ ደጋው አደይ ካልለበሰ፣ ጥር ላይ የእኛ ጋን ይጎድላል። ለዚህ ነው ከልጅነቴ ጀምሮ ያላየሁት አገር ዝናብ የሚያሳስበኝ።

በ2014 ጥቅምት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ማር የሚቆረጥበት ወቅት ነበር። ያን ዓመት ማር አልመጣም። እማዬ ግን ባዶዎቹን ጋኖች በግራዋ ቅጠል ማሸቷን አላቆመችም። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም። ጋኖቹ የአያቴ ናቸው፤ ይህን ቤት የጀመረችው እሷ ናት።

ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ማሩ ከነሰፈፉ በውሃ ይበጠበጣል። እኛ ቤት አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ ነው። ሰፈፉ ተገፎ ለጧፍ ሠሪዎች ይሸጣል። ከዚያ ጌሾው ይገባል። እኛ እንጨቱን እንጂ ቅጠሉን አንጠቀምም፤ ቅጠሉ ለጠላ ነው። ማር ለብቻው ለዓመታት ቢቀመጥ አይፈላም። ውሃ ሲያገኝ ነው በራሱም በጌሾውም ላይ ያለው እርሾ የሚነቃው።

እዚህ ላይ ብርዱ ይመጣል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እርሾ ደግሞ ብርድ አይወድም። አክስቴ ኮምቦልቻ ናት። ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ እሷ ቤት የተጣለ ጠጅ በሳምንት ይደርሳል። እኛ ጋ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሁለት ሳምንትም አይበቃውም፤ ጋኑን ጋቢ እናለብሰዋለን። አክስቴ በዚህ ትስቅብናለች። እኔ ግን የደሴውን እመርጣለሁ። ቀስ ብሎ የፈላ ጠጅ የማሩን ሽታ ይዞ ይቆያል።

እማዬ መድረሱን ለማወቅ ጋኑን አትከፍትም። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አፉ ላይ ታስጠጋለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽሮ ሲንተከተክ ዓይነት ድምፅ አለው። ከዚያ እየለዘበ ይሄዳል። በመጨረሻ በረጅሙ ዝም ይልና አንዲት «ጧ» ትሰማለች፣ ደግሞ ዝም። በዚህ ጊዜ ቀና ትልና «ማጥለያውን አምጪ» ትለኛለች። እኔም አሁን አሁን እየለየሁት ነው፤ ግን እሷ ሳትሰማ አልወስንም።

የብርዙ እንስራ ለብቻው ነው። ጌሾ አይነካውም፣ የጠጁ ማጥለያም አይነካውም። ትኩስ ተበጥብጦ በዕለቱ ይጠጣል። እስላም ጎረቤቶቻችን ድግስ ሲኖርባቸው ብርዙን ከእኛ ነው የሚያዙት። ማሩን የሚያመጣልን ሰውም በዕድሜው ጠጅ ቀምሶ አያውቅም። በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ብርዙን በብርሌ ይጠጣል፣ ከእማዬ ጋር ስለ ዝናብ ያወራል፣ ሰላት ሲደርስ ይነሳል። ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ የተባለውን፣ ማንም የማይጠየፍበትን የግብር አዳራሽ ባሠሩበት ከተማ ይህ ብርቅ አይደለም። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። ቤታችንን ያቆሙት የሚጠጡት ሰዎች ብቻ አይደሉም።

ማታ ወንድሜ ደብተሩን ይዞ መጣ። ሒሳቡ ትክክል ነው። አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት ቢባልም የማር ዋጋ ከዓመት ዓመት ሽቅብ ነው። «እታለም፣ ግማሹን ስኳር እናድርገው፤ ሁሉም እያደረገው ነው» አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ቤቱ እንዳይዘጋ ነው የሚጨነቀው።

ስኳር የገባበት ጠጅ ለመጀመሪያው ብርሌ ይጣፍጣል። ሁለተኛው ላይ ጣፋጭ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ የማሩ ሽታ የለ፣ የአበባው የለ። በማግስቱ ራስ ይወቅራል። ይህ ሁሉ ይቅር። በጥር ጎረቤታችን ልጃቸውን ይድራሉ። እሳቸው ብርሌውን አንስተው ሳይቀምሱ ለእንግዳ የሚሰጡት የእኛ ቤት ስለሆነ ነው። ለእሳቸው የስኳር ውሃ ብርዝ ብዬ ልላክ? ጠጁ ላይ ከጀመርን ብርዙ ላይ መድረሳችን አይቀርም። ይህንን ነገርኩት።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለ።

ዋጋ እንጨምራለን አልኩት። ከገና በኋላ የጠጁ ብርሌ ይጨምራል፤ ብርዙ ባለበት ይቆያል። ሁለቱ ትንንሽ ጋኖች ዘንድሮ አይሞሉም። ትንሽ እንጥላለን፣ ያለቀ ዕለት አልቋል እንላለን።

«ደንበኛ ቢቀርስ?»

የሚቀር ይኖራል። እማዬ ከጓዳ ሆና ትሰማን ነበር። «ነገ ግራዋው በጠዋት ይምጣ» አለችው።