የሰብሞጁል ቴስት ሲገመገም

ዛሬ ደብረ ብርሃን ከልጆቹ ጋር የጊት (የኮድ ለውጥ መከታተያ ፕሮግራም) ሰብሞጁል፣ ማለትም በአንድ ሪፖ (የኮድ ማከማቻ) ውስጥ የሚገባ ሌላ ሪፖ፣ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ቴስት ኮድ ስንገመግም ዋልን። አብዛኛው ደህና ነው። የሚያሳስበው በትእዛዞች መካከል የሚረሳው «&&» ነው፤ ይህ ምልክት የፊተኛው ትእዛዝ ከተሳካ ብቻ ወደሚቀጥለው እለፍ ማለት ነው። እሱ ከተቋረጠ ሼሉ (ትእዛዞቹን የሚያስኬደው ፕሮግራም) የሚመልሰው የመጨረሻውን ትእዛዝ ውጤት ብቻ ስለሆነ፣ መሃል ላይ ክሎኑ (ሪፖውን መቅዳቱ) ቢከሽፍም ቴስቱ ሊያልፍ ይችላል። ይህ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም!

ሌላው፣ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) የደህንነት ማስተካከያ ወዲህ ጊት ሰብሞጁልን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ካለ ፎልደር ክሎን ማድረግን ይከለክላል። ቴስቱ ይህን የሚፈቅደውን የጊት ቅንብር «ፕሮቶኮል.ፋይል.አላው»ን (protocol.file.allow) «ኦልዌይስ» (always) ያድርገው፤ ግን ለዚያ ትእዛዝ ብቻ፣ ግሎባል ኮንፊግ (ለተጠቃሚው ሪፖዎች ሁሉ የሚሠራው ቅንብር) ሳይነካ።

ዋናው ሪፖ የሚይዘው የሰብሞጁሉን ፋይሎች ሳይሆን የአንድ ኮሚት (በጊት የተመዘገበ የኮድ ሁኔታ) መለያ ነው። ስለዚህ ፎልደሩ መኖሩን ማየት አይበቃም፤ ከሰብሞጁል አፕዴት በኋላ መለያው ከውስጠኛው ሪፖ «ሄድ» (HEAD፣ ሪፖው አሁን ያለበት ኮሚት) ጋር መግጠሙ ይረጋገጥ።