ራስ ደጀንን ያልወጣሁበት ገና

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ! ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ የምትነበብ አንዲት ኑዛዜ አለችኝ። ዓመት በዓል ነውና ይቅር ትሉኛላችሁ ብዬ ነው።

ለዓመታት «ራስ ደጀን ሄጃለሁ» ስል ሰምታችሁኛል። ውሸት አይደለም፤ ሄጃለሁ። አልወጣሁም እንጂ። ሰው ጠጋ ብሎ ሲጠይቀኝ «ብርዱ አይጣል ነው» እልና ወሬውን አዞረዋለሁ። ዘንድሮ ግን እውነቱን ልናገር።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ነው። ሦስት ነበርን። አንዱ ለገና ከአሜሪካ የመጣ ጓደኛችን ነው፤ ድንኳኑም፣ የራስ ባትሪውም፣ ሰው የሚያስቀናው ጫማም የሱ ነበር። ሁለታችን ጾመ ነቢያትን እንጾማለን። ስንቃችን በሶ፣ ቆሎና ሽሮ ነው። ከደባርቅ አስጎብኚ፣ ባለ በቅሎና አንድ ስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ታጣቂ ጠባቂ፣ ይዘን ተነሣን።

ስካውቱን ጋሼ እንበላቸው። ሃምሳን የዘለሉ፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉ ሰው ናቸው። የተጫሙት ኮንጎ ጫማ ነው። የጓደኛችንን ጫማ ዋጋ ሲሰሙ «በቅሎ አይገዛም እንዴ?» ብለው ሳቁ። የመጀመሪያው ቀን ላይ ትንፋሼ እየተቆራረጠ ስለ ፖለቲካ ስቀደድ ዞር ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ዳገት ወሬ አይወድም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ዝም።

ከሳንቃበር ተነሥተን ጊች ደረስን። 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሜዳ ነው። መንገዱን ሙሉ ጭላዳዎች ነበሩ። ተቀምጠው በሁለት እጃቸው ሳር ይነቅላሉ። እንደ ከብት ሳር በልቶ የሚያድር ዝንጀሮ ከሱ ሌላ የለም። ሲመሽ ደግሞ አንድ በአንድ ወደ ገደሉ ይወርዱና እዚያው ያድራሉ። አልጋቸው ገደል ነው።

ጊች ላይ ጉም ነበረ። ጅብራው በጉሙ ውስጥ እንደ ሰው ቆሟል። ስንት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ያድግና አንዴ ብቻ አብቦ ይሞታል። ጋሼ ድንገት ቆሙ። በዱላቸው እያመለከቱ «ያውላችሁ ቤቴ» አሉ። አየን። ቤት የለም። ጓሳ አለ፤ ጓሳው ውስጥ ክብ ሆኖ የተቀመጠ ድንጋይ አለ።

እዚያ መንደር ነበር። በ2008 ዓ.ም. ነዋሪው ተነሥቶ ደባርቅ ሰፈረ። ምክንያቱ ይታወቃል። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ። እርሻና ግጦሽ ፓርኩን እየበላው ነበር። ሰዉ ከተነሣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ለዋልያና ለቀይ ቀበሮ እፎይታ ነው፣ አልክድም። እኔም ዋልያ ላይ ብዬ ነው የሄድኩት። ግን ጋሼ ዛሬ ጠመንጃ ይዘው የሚጠብቁት የገዛ ደጃቸው ላይ የበቀለውን ሳር ነው። ይህን ነገር እስካሁን የት እንደማስቀምጠው አላውቅም።

የጊች ሰዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ጋሼም እንደዚያው። ጾማችንን ግን ከእኛ በላይ ይጠብቁልን ነበር። ከአሜሪካ የመጣው ጓደኛችን የቱና ቆርቆሮ ሲከፍት «ይሄ ማንኪያ ለነዚህ አይሆንም» ብለው ለብቻ አስቀመጡት። (ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር እዚያ ብርድ ላይ አልጀመርነውም። እናንተም ዛሬ አትጀምሩት።)

ጨነቅ የሚባል ቦታ ላይ ዋልያ አየሁ። ወንዱ ቀንዱን ወደ ኋላ ጥሎ እኔ አይኔን የምጨፍንበት ገደል ላይ ቆሞ ያመነዥካል። ከስሜን ሌላ የትም የለም። ብሔራዊ ቡድናችንም በዚሁ እንስሳ ስም ይጠራል። እንስሳው ገደል ላይ ሆኖ አይወድቅም፤ ስለ ቡድኑ ግን በዓል ስለሆነ ዝም ልበል።

ከዚያ ነው ጉዱ የጀመረው። ካርታ ላይ ራስ ደጀን ቅርብ ይመስላል። መንገዱ ግን መጀመሪያ የቧሂትን በር፣ 4,200 ሜትር፣ ያስወጣሃል። ቀጥሎ እስከ መሸሃ ወንዝ፣ 2,800 ሜትር፣ መልሶ ያወርድሃል። ያን ሁሉ የደከምክበትን ከፍታ ታስረክባለህ። እንደገና ወደ አምቢቆ፣ 3,200። ጫፉ ደግሞ 4,550 ነው። ስሜን እንዲህ ነው።

የቧሂት በር ላይ ራሴን አመመኝ። ደበቅሁ። አዲስ አበባ በ2,300 ሜትር ያደግሁ ሰው ከፍታ ሊያመኝ? ነውር መሰለኝ። ወንዙ ጋ ስንወርድ ሲተወኝ ደግሞ ጭራሽ ልቤ አበጠ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአምቢቆ ስንነሣ ከፊት የነበርኩት እኔ ነኝ። ወደ 4,300 ሜትር አካባቢ ስንደርስ ራሴ በመዶሻ የሚመታ ያህል ሆነ። አስመለሰኝ። ውሃ ጠጣሁና «ደህና ነኝ» አልኩ። ጓደኞቼ አመኑኝ። ጋሼ ግን ባትሪያቸውን ፊቴ ላይ ሳይሆን እግሬ ላይ አበሩ።

«እግርህ ሰክሯል» አሉ።

«ትንሽ ነው የቀረን፣ ጋሼ።»

«ለነሱ ነው ትንሽ። አንተ ና፣ እንውረድ። ሬሳ ተሸክሞ መሸሃን መሻገር ከባድ ነው።»

ጓደኞቼ ከአስጎብኚው ጋር ቀጠሉ። እኔና ጋሼ ወረድን። መጀመሪያ ላይ አኮረፍኳቸው። ዞር ብለውም አላዩኝ፣ ብቻ ድንጋዩ በላላበት ቦታ ሁሉ እጃቸውን ወደ ኋላ ይዘረጋሉ። ለዚህ በሽታ ሁነኛው መድኃኒት መውረድ ነው፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ራሴ ቀለለኝ። ኩርፊያው ትንሽ ቆየ።

ኋላ ላይ ሳነብ የገባኝ ነገር አለ። ራስ ደጀን ጫፍ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ አይሞላም። ተራራ ላይ የሚኖር ሕዝብ ይህን በየራሱ መንገድ ነው የለመደው። የአንዲስ ሰዎች ደማቸው ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ይበዛል። የቲቤት ሰዎች እንደዚያ አይበዛባቸውም፤ ደማቸው የሚይዘው ኦክስጅን ግን ዝቅ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ስሜን ውስጥ ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ሰዎችን መረመረ። ሁለቱም አልተገኘባቸውም! በሁለቱም ልኬት ቆላ ባሕር አጠገብ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለዩም። እኔ እንግዲህ እንዲህ ካለ ሰው ጋር ነው ዳገት ላይ ፖለቲካ ሳወራ የነበረው።

ፀሐይ ስትወጣ አንድ የገብስ ማሳ ዳር ቁጭ አልን። ጋሼ ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ አወጡ። ስለ ጊች ጠየቅኋቸው። ስለ ቤታቸው ይነግሩኛል ብዬ ነበር። «ደባርቅ ይሞቃል» አሉኝ። ደባርቅ! እኔ ጃኬት ደርቤ የተንቀጠቀጥኩባት ደባርቅ! «ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም፣ በሩን ከፍቼ ነው የምተኛው። ደግሞ ሁሉም ነገር በብር ነው። ሽንኩርት እንኳን።» ቆሎውን ዘግነው ሰጡኝ። ሌላ አላሉም።

ጓደኞቼ ከሰዓት ተመለሱ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ማዶ ያለው ድንጋይ ከቆሙበት ከፍ ብሎ ታይቷቸው ሲጨቃጨቁ ነው የመጡት። ፌሬና ጋሊኒዬ የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች እ.ኤ.አ. በ1841 ወጥተው የመጀመሪያዎቹ ተብለዋል። ባለ በቅሎአችን ይህን ሲሰማ ገረመው። እሱ መጀመሪያ የወጣው ልጅ ሆኖ የጠፋ በግ ፍለጋ ነው። በጉንም አላገኘው።

ታኅሣሥ 28 ማታ ደባርቅ ገባን። ጋሼ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሸኙንና «ጠዋት ቤቴ ኑ» አሉ። ቅዳሴ ወጥተን፣ እንቅልፍ በአይናችን እየሄደ፣ ሄድን። ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ቡና ቀርቧል። ጥግ ላይ አንዲት ዶሮ በእግሯ ታስራለች። ጋሼ ዶሮዋን ገዝተው፣ የምትታረደው በክርስቲያን እጅ እንድትሆን ጎረቤታቸውን ጠርተው፣ ድስቱንም ከዚያው ጎረቤት ተውሰው ነው የጠበቁን። የጎረቤታቸው ሚስት ወጡን ሠሩ። እኛ በላን። ጋሼ ቡና እየጠጡ አዩን። እንዲህ ያለ ገና ከዚያ በኋላ አላለፈልኝም፤ እናቴ ይህን ካነበበች ይቅርታ።

ከሦስት ወር በኋላ፣ መጋቢት ላይ፣ ደወሉ። «እየነደደ ነው» አሉ። ያ የስሜን እሳት እስከ ሚያዝያ ድረስ እየጠፋ እየተነሣ ቆየ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፣ ከእስራኤል እሳት አጥፊዎች መጡ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ግን የአገሩ ሰው በቅጠልና በአካፋ ነበር የሚታገለው። ጋሼም፣ ከጊች የተነሡ ጎረቤቶቻቸውም እዚያ ነበሩ።

አሁን እንግዳ ጠፍቷል። ጦርነት መጣ፣ መንገዱም እንደ ድሮው አይደለም። ጋሼ ግን ለገና ይደውላሉ፣ እኔም ለዒድ እደውላለሁ። ማናችንም አንድም ዓመት አልዘለልንም።

ትናንት ማታ ደወሉ። መስመሩ እየተቆራረጠ «እንኳን አደረሰህ» አሉኝ። ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ገብሱ ዋጋ አወራን። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው «ዘንድሮ ደባርቅም በረደኝ» አሉ። «ጋቢ እልክልዎታለሁ» አልኳቸው።

«ጋቢ አለኝ» አሉ። «አንተ ና።»