ዛሬ ሸናንዶዋ ዋልን

ልጆቹንና እማዬን ይዘን ቨርጂኒያ ተራሮች ላይ ካለው ከሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ አሁን ገባን። በጣም ደስ ብሎኛል! ፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው ስካይላይን ድራይቭ በብሉ ሪጅ ተራሮች ጀርባ ላይ 105 ማይል የሚዘልቅ መንገድ ነው፣ በሰዓት ከ35 ማይል በላይ መንዳት አይፈቀድም፣ ደግሞ ዛፉ ሁሉ እንዲህ ቀይና ብርቱካናማ ሆኖ እያለ ማን ይቸኩላል? እማዬ ዓይኗ ቢጫው ላይ ቀረ። "አደይ አበባ መሰለኝ፣ እዚህ ጋ ፎቶ አንሱኝ" አለች። አነሳናት፣ ደጋግመን።

ከዚያ ወርደን አንድ እርሻ ውስጥ አፕል ለቀምን፣ ልጆቹ ከዛፉ ቀጥፈው እዚያው ገመጡት።

ዲሲ አካባቢ ያላችሁ፣ ሥራ ሥራ ብቻ አትበሉ፣ ጥቅምት ሳያልቅ ሂዱ። ቅጠሉ ቀለሙን የሚቀይረው ከላይ ጀምሮ ነው፣ አናቱ ላይ ረግፎ ከጠበቃችሁ ወደ ሸለቆው ውረዱ። ቅዳሜና እሁድ መኪናው ይበዛል፣ በሥራ ቀን ከተመቻችሁ ይሻላል። ጋቢም ያዙ፣ ላይ ይበርዳል።